የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ የአበርካቾች ስም ሲጻፍ የሚሠሩ ስህተቶች

አራት ሆነን ጅማ ላይ የሠራናት ትንሽ ፕሮግራም አለች። የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ከገበሬው የሚረከቡትን እሸት ቡና በኪሎ ትመዘግባለች። በክፍት ምንጭ፣ ማለትም ኮዷን ማንም እንዲያየውና እንዲያሻሽለው አድርገን ስንለቃት «አበርካቾች» በሚለው ፋይል ውስጥ አራት ስም ብቻ ሰፈረ፤ የእኔ ከሁሉ በላይ። ከዚህ በታች የማነሳቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ትልቁ ስህተት አስተዋጽኦን በኮሚት (በኮዱ ላይ ተደርጎ በተመዘገበ ለውጥ) ብዛት መለካት ነው። የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግበው ጊት የተባለው ፕሮግራም «ሾርትሎግ» በተባለው ትእዛዝ ማን ስንት ኮሚት እንዳለው ደርድሮ ያሳያል፤ ብዙ ሰው ያንን ዝርዝር እንዳለ ገልብጦ የምስጋና ገጽ ያደርገዋል። ዝርዝሩ የሚያውቀው ግን ኮድ የጻፈውን ብቻ ነው። የአንድ ጣቢያ የሂሳብ ሠራተኛ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ ማታ ማታ ድምሩ ከደረሰኙ ጋር አልገጥም ይላቸዋል። ሚዛኑ 23.7 ኪሎ ሲል ፕሮግራማችን ወደ ታች አጠጋግቶ 23.5 ይጽፍ ኖሯል። ሁለት መቶ ግራም ምንም አይመስልም፤ ጎድሎ የሚያድረው ግን የገበሬው ገንዘብ ነው። እሳቸው የሦስት ቀን ደረሰኝ በስልክ አንድ በአንድ አነበቡልኝ። እኔ ያረምኩት አንድ መስመር ነው። በመዝገቡ ለእኔ አንድ ኮሚት፣ ለእሳቸው ዜሮ። የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት) ሠሪዎች ለዚህ ዘዴ አላቸው፤ በኮሚቱ መልእክት ግርጌ «ሪፖርትድ-ባይ» ብለው ችግሩን ያመለከተውን፣ «ቴስትድ-ባይ» ብለው የሞከረውን በስም ያሰፍራሉ።

ሌላው የሰውን ሥራ ገልብጦ በራስ ስም ማስገባት ነው። በክፋት ላይሆን ይችላል፤ የተላከው ማስተካከያ አልገጥም ሲል እንደገና በእጅ እንጽፈውና የላኪው ስም እዚያው ይቀራል። ጊት የኮዱን ጸሐፊና መዝገቡ ውስጥ ያስገባውን ሰው ለየብቻ የሚመዘግበው ለዚሁ ነው፤ ስታስገቡ «ኦተር» በሚለው አማራጭ የላኪውን ስም ስጡት። ሁለት ሰው አብሮ ከሠራ ደግሞ በመልእክቱ መጨረሻ «ኮ-ኦተርድ-ባይ» የሚል መስመር ይጨመራል፤ በጊት የተያዘ ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ጊትሃብ አንብቦ ሁለቱንም ያሳያል። ብዙ ኮሚት ወደ አንድ ስትጨፈልቁ ይህን አትርሱ። «ጅማ 5» የሚል የቡና ደረጃ ተጽፎበት በተሰፋ ጆንያ ውስጥ የማን ማሳ ቡና እንዳለ ማን ያውቃል? የእኛ ሥራ ግን እንደዚያ የሚቀላቀልበት ምክንያት የለውም።

ስም አጻጻፍ ላይ ደግሞ የእኛ አገር ጣጣ አለ። የፈረንጅ ልማድ ተከትለን የመጀመሪያውን ስም በአንድ ፊደል አሳጥረን ሁለተኛውን በሙሉ ስንጽፍ፣ ምስጋናው የሚደርሰው ኮምፒውተር ነክተው ለማያውቁት አባት ነው። ያው ሰው በላቲን ፊደል ስሙን ዛሬ በአንድ፣ ነገ በሌላ አጻጻፍ ካስገባም በቆጠራው ሁለት ሰው ይሆናል፤ «ሜልማፕ» የተባለው ፋይል አንድ ያደርገዋል። ከሁሉም በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። በግዕዝ ፊደል ይጻፍልኝ የሚል አለ፣ በቁቤ የሚል አለ፤ ጊት ሁለቱንም ይቀበላል። ስሜ ጭራሽ አይውጣ የሚልም አለ፤ ጊት ከስም ጋር የሚመዘግበው ኢሜይል ከገባ በኋላ ከታሪኩ ማውጣት ጭንቅ ስለሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

የአለቃን ስም አናት ላይ መስቀልን ማንሳት አያስፈልገኝም፤ የምታውቁት ነው።

የተዋሳችሁትን ኮድ የባለቤትነት ማስታወቂያ ከፋይሉ አናት ላይ መሰረዝ ግን ከጨዋነት ጉድለት ያልፋል። ብዙ ክፍት ምንጭ ኮድ የሚለቀቅበት የኤምአይቲ ፈቃድ እንደ ልብ ተጠቀሙበት ካለ በኋላ የሚጠይቀው ማስታወቂያውና የፈቃዱ ጽሑፍ አብረው እንዲቆዩ ነው። እሱን ከሰረዛችሁ ፈቃዱን ጥሳችኋል።

ሁለተኛውን ዕትም ከመልቀቃችን በፊት ለሂሳብ ሠራተኛው ደወልኩና ስማቸው እንዴት እንዲጻፍ እንደሚፈልጉ ጠየቅኋቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «ልጄ፣ መጀመሪያ ያየችውስ ሚዛን የምትይዘው ልጅ ናት፤ የእሷን ጻፍ» አሉኝ። ሁለቱም ተጽፈዋል፤ እሷ ቀድማ።