ጤና አዳሙ ወየበ፣ በሶብላው ቀጨጨ፦ የበረንዳ ጓሮ ችግርና መፍትሄ

ኮንዶሚኒየም ላይ ጓሮ የሚባል ነገር የለም። እኔ ያለኝ ሁለት ሰው የማያስተላልፍ በረንዳ ነው። እዚያ ላይ የቀለም ባልዲና የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ደርድሬ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ድንብላልና ቃሪያ አበቅላለሁ። እውነቱን ለመናገር የሞቱብኝ ከበቀሉልኝ ይበልጣሉ። አብዛኞቹን የገደልኳቸው እኔው ነኝ፣ በውሃ። ስለዚህ ቅጠሉ ላይ ምንም ነገር ብታዩ መጀመሪያ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ወደዚህ ተመለሱ።

የታችኛው ቅጠል ይወይባል፣ ይረግፋል፤ አፈሩ እርጥብ ነው

ይሄ የጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ዋና ገዳይ ነው። ሁለቱም ደረቅ ቦታ የሚወዱ ናቸው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በመጣ ቁጥር «ነገ ባይመጣስ» እያልኩ ሁሉንም አጠጣ ነበር። ተክሉ ሲጠወልግ ደግሞ የጠማው መስሎኝ እጨምርለታለሁ። አንድ ቀን ምድር ቤት ያሉት ጎረቤቴ ቡና ሊጠጡ መጥተው ባልዲውን አየት አደረጉና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ጠግቦ ነው የሚሞተው» አሉኝ። ነቅዬ ሳየው ሥሩ ጠቁሯል፣ ይሸታል።

ሥር አየር ይፈልጋል። አፈሩ ሁልጊዜ በውሃ ከተሞላ ይታፈናል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል። ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው።

መፍትሄው፦ ባልዲውን ገልብጡና ከታች ቀዳዳ መኖሩን እዩ። ከሌለ ሚስማር አግላችሁ ስድስት ሰባት ቦታ ብሱት። ከሥሩ ያስቀመጣችሁት ሰሃን ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ድፉ። አፈሩ ጥቁር ኮትቻ ከሆነ ደግሞ ብቻውን ባልዲ ውስጥ አይሆንም። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እኔ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ እቀላቅላለሁ። ተክሉን አውጥታችሁ የጠቆረውን ሥር ቁረጡ፣ ከላይም ሲሶውን ከርክሙ፣ በአዲሱ አፈር ትከሉ። የግንዱ እግር ለስልሶ ከጠቆረ ግን አትልፉ። ከላይ ጤነኛ ቀንበጥ አንድ ስንዝር ቆርጣችሁ እንደ አዲስ ትከሉ። የጤና አዳም ጭማቂ ፀሐይ ላይ ቆዳ ያቃጥላል፣ ጓንት አድርጉ፣ ካልሆነም ማታ ሥሩ።

ውሃው ሲመጣ ደግሞ የውሃ ጀሪካኑን ሙሉ እንጂ የተክሉን ባልዲ አትሙሉ።

አፈሩ ደርቆ ቅጠሉ ከወየበ ጥማት ነው፣ ቀላል ነው። አፈሩ ደህና ሆኖ ተክሉ በሙሉ ከገረጣ ደግሞ ርቦታል፤ ሁለት እፍኝ ብስባሽ ከላይ በትኑለት። ያልበሰበሰ የከብት እበት ግን ሥር ያቃጥላል።

ቀጥኖ ይረዝማል፣ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል

ብርሃን አንሶታል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን በረንዳው የሚያገኘው ፀሐይ እንደዞረበት አቅጣጫና እንደ ወቅቱ የሚለዋወጥ መሆኑን ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፣ በቀሩት ወራት በደቡብ። ታህሳስ ላይ ደግሞ በደንብ ታዘነብላለች። ወደ ደቡብ የዞረ በረንዳ በጋውን ሙሉ ፀሐይ ይጠግባል። ወደ ሰሜን የዞረው ግን በበጋ ምንም አያገኝም፣ ተራው ሲደርስ ደግሞ ሰማዩ ደመና ነው። የእኔ የሰሜን ነው፣ ምን ይደረግ! ከጥቅምት ጀምሮ የጥብስ ቅጠሉንና ቃሪያውን ደረጃው ጋ ያለው መስኮት ሥር አወርዳለሁ። በረንዳው ላይ ናናና ቆስጣ ይቀራሉ፣ እነሱ ጥላ ይችላሉ።

በሶብላው አላድግ ይላል፣ ቅጠሉ ጠርዙ ላይ ይጠቁራል

ብርድ ነው። በሶብላ የሙቀት ልጅ ነው፣ የኅዳርና የታህሳስ ሌሊት ይቀጨዋል። ማታ ማታ ወደ ኩሽና አስገቡት። አዲስ ዘር ከሆነ የካቲትን ጠብቁ፤ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ በአፈር አትቅበሩት፣ ከላይ በትናችሁ በእጃችሁ ጫን ጫን አድርጉ።

አበባ ካወጣ በኋላ ቅጠሉ ካነሰ ግን ችግር አይደለም፣ አበባ ያወጣ በሶብላ ቅጠል ማብዛት ይተዋል። «አበባውን ቁረጡ» የሚል ምክር በብዛት አያለሁ። ለፈረንጅ ሰላጣ ይሆናል። እኛ በርበሬና ሽሮ ውስጥ የምንጨምረው አበባውንም ጭምር ነው። እኔ አንዱን ለቅጠል እቆርጣለሁ፣ ሌላውን እስኪደርቅ እተወዋለሁ።

ድንብላሉ አልበቅል አለ

ለቅመም የተገዛ ከሆነ ያልተቆላ መሆኑን አረጋግጡ፣ የተቆላ ዘር ሞቷል። አንዷ ፍሬ ውስጥ ሁለት ዘር አለ። በጠርሙስ ቀስ ብላችሁ አንከባሉባት፣ ለሁለት ትከፈላለች፤ አንድ ሌሊት ዘፍዝፋችሁ ዝሩ። ሥሩ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ አዛውራችሁ አትትከሉት፣ ይቀየምና ቶሎ ያብባል።

ቃሪያው አበባ ያራግፋል፣ ቅጠሉ ይጨማደዳል

አበባውን የሚያራግፈው ቀዝቃዛ ሌሊት፣ አንዴ ድርቅ አንዴ ጎርፍ የሆነ አጠጣጥ፣ ወይም ከልክ ያለፈ ፍግ ነው። ነፋስ በማይገባበት በረንዳ ላይ ደግሞ አበባው ሲከፈት ግንዱን ነቅነቅ አድርጉት።

ለተጨማደደው ቅጠሉን ገልብጡት። ክሽክሽ የሚባል ደቃቅ ተባይ ከቅጠሉ ሥር ተደርድሮ ታገኛላችሁ። ጉንዳን በግንዱ ላይ ሲመላለስ ካያችሁ ሳትገለብጡም እወቁት፤ ጉንዳን ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፈልጎ ነው የሚመጣው። አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ሆድ እርጩ፣ ጠዋት በንጹህ ውሃ እጠቡ። በአራት በአምስት ቀን ድገሙት፣ አንዴ አይበቃም።

አፈሩ ላይ ትናንሽ ጥቁር ዝንቦች ይርመሰመሳሉ

የቡና አተላ ከላይ እየደፋችሁ ነው፣ አይደል? እኔም እደፋ ነበር። ይጋገራል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ዝንቧም እዚያ ትራባለች። ጠርጋችሁ አንሱት፣ አፈሩ ከላይ እስኪደርቅ ውሃ አቁሙ። አተላው ብስባሽ ውስጥ ይግባ።

ጤና አዳሙ ሌሊቱን ተበልቶ አደረ

ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር ፈልጉ። ከተንቀሳቀሰ ኩስ አይደለም፣ አባጨጓሬ ነው። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ስትነኩት ከራሱ ላይ ብርቱካናማ መንታ ቀንድ አውጥቶ ይሸታል፤ አትደንግጡ፣ አይመርዝም። ሎሚና ጤና አዳም ዘመድ ስለሆኑ ሁለቱንም ይበላል። ጥቁርና ቢጫ የሆነችው ትልቋ ቢራቢሮ ልጅ ነው። መድኃኒት አትርጩ፣ ነገ ቡና ውስጥ የምትጨምሩት ቅጠል ነው። በእጅ ልቀሙት። እኔ አራቱን በሰሃን ይዤ ወርጄ ግቢው ውስጥ ያለው ሎሚ ላይ አሸጋገርኳቸው። ሎሚው ትልቅ ነው፣ ይችላቸዋል።