ከጎጃም ተነሥቶ ወደ ውጭ አገር ለሚበር ሰው፦ የትኬት አፈላለግና የጉዞ ዝግጅት

ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ሲታሰብ ርካሽ ትኬት የሚባለው በስልክ ላይ ከታዩት ዋጋዎች ሁሉ ያነሰው አይደለም፤ ከቤት ደጃፍ እስከ መድረሻው ድረስ የወጣው ሁሉ ተደምሮ ያነሰው ነው። ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ ወይም ከቡሬ ተነሥቶ ቦሌ ለሚደርስ መንገደኛ የመኪናው፣ የአልጋውና የምግቡ ወጪ የትኬቱ አካል ነው፤ በረራ ሲያመልጥ የሚከፈለው ቅጣትም እንዲሁ። ለዘመድና ለወዳጅ ትኬት ሳፈላልግ እንዳየሁት፣ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ትኬቱን በውድ በመግዛቱ ብቻ ሳይሆን ይልቁንም በስም፣ በቀንና በትራንዚት (በመንገድ ላይ አውሮፕላን በሚቀየርበት አገር) ስሕተት ነው።

ከትኬቱ በፊት ፓስፖርቱ ይታይ። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር የሚያገለግል ጊዜ እንዲቀረው ይጠይቃሉ። ቪዛ ሳይያዝ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ትኬት መቁረጥም አይመከርም። ለምሳሌ የሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የብዙ የአውሮፓ አገሮች) ቪዛ ለሚያመለክት ሰው የሚበቃው የተያዘ የደርሶ መልስ ቦታ ማስረጃ እንጂ የተከፈለበት ትኬት አይደለም፤ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ሲቀር ጀምሮ ሊገባ ይችላል፣ ቢዘገይ ደግሞ 15 ቀን ከመቅረቱ በፊት መግባት አለበት፣ ከእርሱም ጋር ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድን ይያያዛል። በሕጋዊ መንገድ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ ልጆች ግን ትኬት መፈለግ የእነርሱ ዕዳ እንዳልሆነ ሊያውቁ ይገባል፤ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የደርሶ መልስ መጓጓዣውን የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ለትኬት ብሎ ከቤተሰብ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ካለ በዚህ ይታወቃል።

ዋጋን በተመለከተ ወቅትን ማወቅ ከሁሉ ይጠቅማል። አየር መንገዶች የአንዱን አውሮፕላን ወንበር በልዩ ልዩ ዋጋ ከፋፍለው ይሸጣሉ፤ ርካሾቹ ጥቂት ስለሆኑ ቀድመው ያልቃሉ፣ ከዚያ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች እጅግ የተለያየ ዋጋ ከፍለው ይገኛሉ። በታኅሣሥ ውስጥ በውጭ የሚኖረው ወገን ለገናና ለጥምቀት ስለሚገባ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው በረራ ይሞላል፤ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ደግሞ ያው ሕዝብ ስለሚመለስ ከአዲስ አበባ የሚወጣው ይሞላል። ስለዚህ ከጎጃም የሚወጣ ሰው ዲያስፖራው በሚገባበት ሳምንት ቢወጣ፣ ከሚመለስበት ሳምንት ጋር ከመጋፋት ይድናል። ክረምቱም በዚሁ ሥርዓት ይታሰብ፤ ሰኔና ሐምሌ ለመግባት፣ ነሐሴ ለመውጣት የሚጨናነቁ ናቸው። ወደ ጂዳ የሚሄድ ሰው ረመዳንንና ሐጅን በተለይ ይቁጠር። ቀን መምረጥ የሚችል ሰው እንደ ጉግል ፍላይትስና ስካይስካነር ባሉት ማወዳደሪያዎች የወሩን ዋጋ በቀን በቀን ዘርግቶ ይመልከት፤ ብዙ ጊዜ የሳምንቱ መካከል ከዓርብና ከእሑድ ይሻላል። ዋጋው ከታወቀ በኋላ ግዢው በራሱ በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ወይም ቢሮ ቢፈጸም ይመረጣል፤ ቀን መለወጥ ወይም ገንዘብ ማስመለስ ሲመጣ በመካከል የገባ ሻጭ ነገሩን ያጓትተዋልና። የዓለም አቀፍ በረራ ዋጋ በአብዛኛው በዶላር ተተምኖ ወደ ብር የሚመነዘር በመሆኑ ምንዛሪው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ትላንት የሰሙት የብር ዋጋ ዛሬ ላይገኝ ይችላል።

ፍለጋው ሲጀመር መነሻውን አዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ባሕር ዳር ብለውም ይሞክሩ። በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ከተሰየመው ከባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ እስከ መጨረሻው መድረሻ በአንድ ትኬት የተቆረጠ ጉዞ፣ የአገር ውስጡ በረራ በደመና ወይም በሌላ ምክንያት ቢዘገይና ቀጣዩ ቢያመልጥ፣ አየር መንገዱ ራሱ በሌላ በረራ የሚተካው ነው። ሁለቱን ለየብቻ የገዛ ሰው ግን ቢዘገይ ኪሳራው የራሱ ነው፤ የአገር ውስጡ የሻንጣ ኪሎ ከዓለም አቀፉ ያነሰ ከሆነም ለትርፉ ይከፍላል። በመኪና የሚሄድ ደግሞ የዓባይን በረሓ አይርሳ፤ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል አንድ ከባድ መኪና ቢበላሽ ወይም መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ቢዘጋ ለማንም አይራራም። አንድ ቀን፣ ቢቻልም ሁለት ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ ማደር ይገባል።

በርካሽነቱ የሚያጓጓ ትኬት ሲገኝ በየት በኩል እንደሚያልፍ ይመርመር። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገር አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ፣ ከማረፊያው ባይወጣም፣ የትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የሸንገን፣ የአሜሪካ ወይም የካናዳ የጸና ቪዛ ያለውን ከመሰሉት በቀር። እንግሊዝም ተመሳሳይ ግዴታ አላት። ስለዚህ በፍራንክፈርት በኩል ወደ ብራዚል የሚያደርስ ትኬት ቢረክስም፣ ቪዛው ሳይኖር ቦሌ ላይ ያስቀራል፤ በዱባይ፣ በዶሃ ወይም በኢስታንቡል የሚያልፈውን ከዚህ ጋር ማወዳደር ነው።

ስም ሲሞላ በፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈው አንድም ሆሄ ሳይለወጥ ይገልበጥ። ጸጋዬ የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው በሌላ ዓይነት ይጽፈዋል፤ አየር መንገዱ የሚያውቀው ግን ፓስፖርቱን ነው። በቤተሰብ ስም ቦታ የገባው የአባት ይሁን የአያት፣ ያው ይጻፍ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ወደ ቀንና ሰዓት እንምጣ። ትኬቱ የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በ24 ሰዓት ልክ ነው፤ ቀናቸውም የሚለወጠው በእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ነው። እኛ ደግሞ ሌሊቱን ሁሉ ካለፈው ቀን ጋር እንቆጥረዋለን። ለምሳሌ «ጃንዋሪ 8፣ 01:30» የሚል ትኬት በ2018 ዓ.ም. ቢያዝ፣ ጃንዋሪ 8 ታኅሣሥ 30 ስለሆነ ብዙ ሰው የታኅሣሥ 30ን ምሽት ይጠብቃል። ነገር ግን በረራው የገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29 ለ30 አጥቢያ ከሌሊቱ 7:30 ነው፤ መንገደኛው ገናውን ውሎ በዚያው ምሽት 4:30 ላይ ቦሌ መገኘት አለበት። የአክስቴን ልጅ ሻንጣ ይዤ አንድ ሙሉ ቀን አሳልፌ ያደረስሁት እኔው ራሴ ነኝ፤ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄዱት ብዙዎቹ በረራዎች በሌሊት የሚነሡ መሆናቸውን እያወቅሁ። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከ07:00 እስከ 18:00 ያለው 6 ሲቀነስለት የቀን ሰዓት ይሆናል፤ ከ19:00 በላይ ያለው 18 ሲቀነስለት፣ ከ00:00 እስከ 06:00 ያለው ደግሞ 6 ሲደመርለት የሌሊት ሰዓት ይሆናል። ቀኑንም በቃል ከማስላት የሁለቱንም አቆጣጠር የያዘ የቀን መቁጠሪያ ማየት ይሻላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ የሚመጣው ዘመን፣ እንደ 2016 ዓ.ም. ሁሉ፣ ሴፕቴምበር 12 ስለሚገባ እስከ የካቲት 21 ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ይንሸራተታል።

ሻንጣ ሲሰናዳ የእናት ስንቅ ከሕግ ጋር ይጋጫል። በእጅ ሻንጣ የሚያልፍ ፈሳሽ በአብዛኛው ማረፊያ በየዕቃው ከ100 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ በዚህ ደንብ ማርም ቅቤም እንደ ፈሳሽ ስለሚታዩ የጎጃም ማር በደንብ ታሽጎ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ። ቅቤና ቋንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ጨርሶ አይገቡም፤ የወተትና የሥጋ ውጤት ከውጭ ይዞ መግባት ለመንገደኛ የተከለከለ ነውና። በርበሬና ሽሮ ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ከ350 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ዱቄት በእጅ ሲያዝ ተጨማሪ ፍተሻ ስለሚያመጣ በሚጫነው ሻንጣ ይሁኑ። የዳጉሳ አረቄ በፕላስቲክ ጠርሙስ አይጫንም፤ ከ24 እስከ 70 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ በፋብሪካ እሽጉ፣ ከ5 ሊትር ሳይበልጥ ብቻ ይፈቀዳል። ፓወር ባንክ ግን በተቃራኒው በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አይገባም።

ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ሕንድ፣ ደቡብ አፍሪካና ሌሎችም ቢጫ ካርድ (የክትባቱን ማስረጃ) ይጠይቃሉ። ካርዱ የሚጸናው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ በመሆኑ በመጨረሻው ሳምንት አይወሰድ፤ ከ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወዲህ ግን አንዴ የተወሰደው ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ትኬቱ፣ ቪዛውና የማረፊያ አድራሻው በወረቀት ይታተሙ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም የስልክ ባትሪ ሲያልቅ መስኮቱ ላይ የሚያድነው እርሱ ነው። ሻንጣ ሲሰጥ የሚቀበሉት ቁራጭ ወረቀት ላይ የተጻፈው የመድረሻ ከተማ ትክክል መሆኑን እዚያው ቆመው ያንብቡ፤ ሻንጣውን በእጅዎ እስኪረከቡም ድረስ ወረቀቱን አይጣሉ።