በእንግሊዝ መንደር የምትኖሩ ጉዳያችሁን ለፓሪሽ ካውንስል እንዴት ታቀርባላችሁ?

በእንግሊዝ ገጠር የምንኖር ሐበሾች ብዙ አይደለንም። አብዛኞቻችንን ያመጣን ሥራ ነው። ኬር ሆም የሚሠራ አለ፣ እርሻና ማሸጊያ ቤት የሚሠራ አለ፣ ትዳሩን ተከትሎ የመጣም አለ። እኔ ያለሁት ኖርፎክ ነው። መንደራችን አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ፐብ፣ አንድ የመንደር አዳራሽ አላት፤ አውቶቡሱ ከምሽቱ በኋላ ብዙም አይታይም። ከተማ ያሉ ወዳጆቼ «እዚያ ደግሞ ምን ጉዳይ አለ?» ይሉኛል። ጉዳይማ ሞልቷል። ከማታ ሽፍት ወጥቶ በጨለማ የሚሄድ ሰው የመብራት ጉዳይ አለው፤ የልጅ ጋሪ የምትገፋ እናት የእግረኛ መንገድ ጉዳይ አለባት። ብዙ ወገኖቼ «እኛን ማን ይሰማናል» ብለው ዝም ሲሉ አያለሁ። ዝም ማለት የለባቸውም፤ የሚሰማ አለ፣ የሚሰማበትም ሥርዓት አለው።

ፓሪሽ ሲባል ሁለት ነገር እንዳለ ልብ በሉ። አንደኛው የቤተ ክርስቲያኑ አጥቢያ ነው፤ የራሱ ጉባኤ አለው፣ የሚመክረውም ስለ ሕንጻውና ስለ አገልግሎቱ ነው። ሁለተኛው፣ እኔ የምጽፍላችሁ፣ በ1894 በወጣው ሕግ ከቤተ ክርስቲያን ተለይቶ የተቋቋመው ፓሪሽ ካውንስል ነው፤ ለሕዝቡ ከሁሉም ቅርብ የሆነው የመንግሥት እርከን። በመላው እንግሊዝ እንዲህ ያሉ የፓሪሽና የከተማ ምክር ቤቶች ወደ 10,000 ይጠጋሉ። ከአገራችን ቀበሌ ጋር አታመሳስሉት፤ መታወቂያ አይሰጥም፣ የድጋፍ ደብዳቤ አይጽፍም፣ ብዙ ጊዜ ደጅ የሚጠናበት ቢሮም የለውም። ያለው አንድ ደመወዝ የሚከፈለው ጸሐፊ፣ እነሱ ክለርክ የሚሉት፣ እና ቢያንስ አምስት አባላት ናቸው። አባላቱ በአብዛኛው ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ ጸሐፊውም በብዙ ቦታ ከቤቱ ሆኖ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ይሠራል። ይህን ማወቃችሁ ይጠቅማል። ማክሰኞ የላካችሁት ኢሜይል እስከ ዓርብ መልስ ባያገኝ የናቃችሁ ሰው የለም።

የቱ ጉዳይ የማን ነው? የአውቶቡስ ማቆሚያ መጠለያ፣ የመናፈሻ ወንበር፣ የልጆች መጫወቻ፣ የመንደር አዳራሽ፣ የጓሮ እርሻ መሬት፣ በአንዳንድ ቦታም የመቃብር ስፍራና የመንገድ ዳር መብራት ፓሪሹ ሊሠራቸውና ሊያስተዳድራቸው ይችላል። የአስፋልት ጉድጓድና የእግረኛ መንገድ ጥገና የካውንቲው፣ ማለትም የሰፊው አካባቢ ምክር ቤት፣ ነው። ቆሻሻ ማንሳትና የግንባታ ፈቃድ የዲስትሪክቱ፣ ማለትም በካውንቲውና በፓሪሹ መካከል ያለው ምክር ቤት፣ ነው። እንደ ዊልትሸርና ኮርንዎል ባሉ ቦታዎች ካውንቲና ዲስትሪክት ከ2009 ጀምሮ አንድ ሆነዋል። ጉድጓድ ካያችሁ ፊክስ ማይ ስትሪት በሚባለው ድረ ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩ በቀጥታ ለሚመለከተው ክፍል ይደርሳል። ግን ቅጂውን ለፓሪሹ ጸሐፊም ላኩት። ካውንቲው ከአንድ ነዋሪ ደብዳቤ ይልቅ የምክር ቤት ደብዳቤን ቶሎ ያነባል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

«ዜግነት የለኝም» ለምትሉ

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣልና በግልጽ ልንገራችሁ። በእንግሊዝ የአካባቢ ምርጫ የሚመርጡት የብሪታንያ፣ የአየርላንድና የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች፣ እንዲሁም የተወሰኑ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ናቸው። ኢትዮጵያ ኮመንዌልዝ ውስጥ ስለሌለች፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለ ሰው የብሪታንያ ዜግነት እስኪያገኝ አይመርጥም። ያልተፈቀደልን ግን ድምፅ መስጠቱ ነው። ስብሰባ መግባት፣ መጻፍና መናገር ሌላ ነገር ነው። በ1960 የወጣ ሕግ የምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል፤ በር ላይ ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። ካውንስል ታክስ፣ በየቤቱ የሚከፈለውን የአካባቢ ግብር፣ የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡን ስታዩ የፓሪሹ ድርሻ ለብቻው ተጽፎ ታገኙታላችሁ። መብራቱም ወንበሩም በከፊል በእናንተ ገንዘብ የተሠራ ነው።

ደብዳቤው

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። አንዱን የምክር ቤት አባል ሱቅ በር ላይ አግኝታችሁ ብታወሩት ደስ ይለዋል፤ ያወራችሁት ግን የትም አይመዘገብም። ምክር ቤቱ አጀንዳ ላይ ባልሰፈረ ጉዳይ መወሰን በሕግ አይችልም። አጀንዳው ደግሞ እሑድና የሕዝብ በዓላት ሳይቆጠሩ ከስብሰባው ቢያንስ ሦስት ሙሉ ቀናት አስቀድሞ ይለጠፋል። ስለዚህ ደብዳቤያችሁ ለጸሐፊው ከስብሰባው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢደርስ ጥሩ ነው። የጸሐፊው አድራሻና የስብሰባው ቀን በመንደሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይገኛሉ፤ ያ መስታወት ያለው፣ ብዙ ጊዜ ከአዳራሹ ወይም ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ የሚቆመው ሰሌዳ ማለቴ ነው።

ከአውቶቡስ ማቆሚያችን እስከ ትምህርት ቤቱ መታጠፊያ ድረስ ከእርሻ የወጣ ቁጥቋጦ የእግረኛ መንገዱን ውጦት ነበር። ማታ ከሥራ ስንመለስ በአስፋልቱ ላይ እንሄዳለን፤ ከፊት የሚመጣው መኪና መብራቱ ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ ጉዳይ ለጸሐፊው የላክሁት ደብዳቤ ይዘቱ እንዲህ ነው፦

«በዋናው መንገድ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ትምህርት ቤቱ መታጠፊያ ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ በስተግራ ካለው እርሻ የወጣ ቁጥቋጦ መተላለፊያውን ዘግቷል። በጣም በጠበበበት ቦታ የቀረው ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ነው። የልጅ ጋሪ አያሳልፍም፤ ከማታ ሥራ የሚመለሱ ሰዎችም ወደ አስፋልቱ ይወርዳሉ። ምክር ቤቱ ለመሬቱ ባለቤት እንዲጽፍ፣ ሥራው ካልተሠራም ጉዳዩን ለካውንቲው የመንገድ ክፍል እንዲያስተላልፍ እጠይቃለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ላይ እንዲያዝልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ። ሁለት ፎቶ አያይዣለሁ።»

ይኸው ነው። ቦታው በትክክል ተለይቷል፣ ስፋቱ በሜትር ተለክቷል፣ የሚጎዳው ሰው ማን እንደሆነ ተነግሯል፣ የሚፈለገውም በግልጽ ተጠይቋል። «ለዓመታት ችላ ተብለናል» የሚል ቃል የለበትም፤ ባለ መሬቱንም አልወቀስሁም። ወቀሳ ከገባበት ስብሰባው ስለ ቁጥቋጦው መነጋገሩ ይቀርና ባለ መሬቱን ወደ መከላከል ይሄዳል፤ ሰውዬው እኮ የብዙዎቹ ጎረቤት ነው። ለፎቶው ደግሞ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ቢኑን ከቁጥቋጦው አጠገብ አቁሜ አነሳሁት። የዚያን ቢን ስፋት የማያውቅ የመንደር ሰው ስለሌለ መንገዱ ምን ያህል እንደጠበበ ወዲያው ይታያል።

ወቅቱንም አስቡበት። ከማርች 1 እስከ ኦገስት 31 ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት ጊዜ ስለሆነ ገበሬ የማሳ ዳር ቁጥቋጦ እንዳይቆርጥ ሕግ ይከለክላል፤ መንገድ ዘግቶ አደጋ የሚያመጣ ሲሆን ግን ይፈቀዳል። ለዚህ ነው ደብዳቤያችሁ ላይ የአደጋውን ነገር በግልጽ ማስፈር ያለባችሁ። የእኛው በመከር ተቆረጠ።

ስብሰባው

በ2021 መጀመሪያ ላይ በቼሸር የሚገኘው የሃንድፎርዝ ፓሪሽ ካውንስል የዙም ስብሰባ ጭቅጭቅ በዓለም ዙሪያ ታይቶ ነበር። በዚያ የተነሳ የሚፈሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። የተለመደው ስብሰባ እንደዚያ አይደለም። ማታ ነው የሚካሄደው፤ አባላቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፣ ለሕዝብ ጥቂት ወንበር ከኋላ ይደረደራል። አዳራሹ ብዙ ጊዜ ይበርዳልና ካፖርታችሁን አታውልቁ። በመጀመሪያ የቀሩ አባላት ይቅርታ ይነበባል፣ በአጀንዳው ጉዳይ የግል ጥቅም ያለው አባል ያሳውቃል፣ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይጸድቃል። ከዚያ የሕዝብ ጊዜ ይመጣል። በብዙ ቦታ በጠቅላላው አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል፣ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ነው።

ሦስት ደቂቃ ለእኛ አጭር ነው። እኛ ሰላምታ እናስቀድማለን፣ ከሥር መሠረቱ እንጀምራለን፣ የምንፈልገውን መጨረሻ ላይ እንናገራለን። እዚህ ከጥያቄው ጀምሩ፦ «የመጣሁት በማቆሚያው አንድ መብራት እንዲተከል ለመጠየቅ ነው።» ምክንያቱን ቀጥሉ። ንግግራችሁ ለሊቀመንበሩ ይሁን፤ ከጎን ያለው አባል ቢቃወማችሁ እንኳ ፊታችሁን ወደ እሱ አዙራችሁ አትመልሱ። የሕዝቡ ጊዜ ካለቀ በኋላ አባላቱ ጉዳዩን ሲወያዩበት መሐል መግባት አይፈቀድም። ይህ ይከብዳል፤ ስለ እናንተው ጉዳይ የተሳሳተ ነገር ሲነገር እየሰማችሁ ዝም ትላላችሁ። ማስታወሻ ያዙና በማግስቱ ለጸሐፊው እርማቱን ላኩ። እንግሊዝኛችሁ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ጽፋችሁ አንብቡት፤ ማንም አይታዘባችሁም። በሥራ ምክንያት መምጣት ካልቻላችሁ ጸሐፊው እንዲያነብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ስብሰባው ካለቀ በኋላ ወንበር ማንሳት አግዙ። ጨዋነት ነው፣ ከአባላቱም ጋር የምትተዋወቁት ያኔ ነው።

ገንዘብ የሚጠይቅ ጉዳይ ከሆነ ጊዜው ወሳኝ ነው። የፓሪሹ የበጀት ዓመት ኤፕሪል 1 ይጀምራል። ከካውንስል ታክሱ የሚወስደውን ድርሻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ አካባቢ ይወስናል፤ ረቂቁ የሚዘጋጀውም በኖቬምበር ገደማ ነው። በፌብሩዋሪ መብራት የሚጠይቅ ሰው «በሚቀጥለው ዓመት» ይባላል፤ እምቢ ማለታቸው አይደለም፣ በጀቱ ተዘግቶ ነው። ስለዚህ በሴፕቴምበር ጻፉ።

ስለ ግንባታ ፈቃድ በአጭሩ። የጎረቤት ሕንጻ ወይም አዲስ መንደር ሲታቀድ ፓሪሹ አስተያየት ይሰጣል፤ ወሳኙ ዲስትሪክቱ ነው። አስተያየት ለመስጠት ብዙ ጊዜ 21 ቀን አለ። ትራፊክ፣ ጎርፍና ፍሳሽ፣ የብርሃን መከልከል፣ ቤታችሁን ቁልቁል የሚያይ መስኮት ክብደት ይሰጣቸዋል። «የቤቴ ዋጋ ይወርዳል» ወይም «ከመስኮቴ የማየው ሜዳ ይጠፋብኛል» ማለት ግን አይቆጠርም።

ስድስት ሰዎች ሲሆኑ

ከሁሉም በላይ ወገኖቼ እንዲያውቁት የምፈልገው ይህን ነው። በ1908 በወጣው ሕግ በፓሪሹ የሚኖሩ ስድስት ሰዎች የጓሮ እርሻ መሬት፣ አሎትመንት፣ እንዲዘጋጅ በጽሑፍ ቢጠይቁ ምክር ቤቱ ጥያቄውን ሊመለከተው ይገደዳል፤ ፍላጎት አለ ብሎ ካመነም የማዘጋጀት ግዴታ አለበት። ፈራሚዎቹ የተመዘገቡ መራጮች ወይም ካውንስል ታክስ ከፋዮች መሆን ይችላሉ። ይህ «ወይም» ለእኛ በር ነው፤ ዜግነት ሳይኖራችሁ ፊርማችሁ ይቆጠራል። ሙሉው ቁራሽ 250 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ለጀማሪ ግማሹ ይበቃል። ባቄላ በዚህ አገር አየር ግሩም አድርጎ ይበቅላል፤ እሸቱን ለልጆቼ ሳቀምሳቸው ደስታዬ ወሰን የለውም። ጎመን፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርትም አያሳፍሩም፤ ቃሪያ ግን ፕላስቲክ ቤት ይፈልጋል። ከእንግሊዝ ጎረቤቶቻችሁ ጋር አብራችሁ ፈርሙ። አንድ ፓሪሽ ውስጥ ስድስት ሐበሻ የሚገኝበት ቦታ ጥቂት ነው፤ መሬት የሚፈልግ ጡረተኛ ግን በየመንደሩ አለ።

ዜግነት ያላችሁ ደግሞ ተጨማሪ መብት አላችሁ። በየዓመቱ ከማርች 1 እስከ ጁን 1 ባለው ጊዜ ዓመታዊ የፓሪሽ ስብሰባ ይደረጋል፤ እሱ የምክር ቤቱ ሳይሆን የመራጮቹ ጉባኤ ነው፣ መራጭ ሁሉ ይናገርበታል፣ ድምፅም ይሰጥበታል። አስቸኳይ ነገር ሲመጣ ስድስት መራጮች ተፈራርመው በሌላ ጊዜም መጥራት ይችላሉ።

የምክር ቤት አባል መሆንም አለ። ምርጫው በአራት ዓመት አንዴ በሜይ የመጀመሪያ ሐሙስ ነው፤ ብዙ መንደር ግን ለመቀመጫው ተወዳዳሪ ያጣል። ዕድሜያችሁ 18 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ በፓሪሹ የመራጮች መዝገብ ላይ መስፈር፣ ወይም ባለፉት 12 ወራት በፓሪሹ ወይም ከዳርቻው በ4.8 ኪሎ ሜትር ውስጥ መኖር፣ ወይም ለዚያው ያህል ጊዜ ዋና ሥራችሁ እዚያው መሆኑ ከዜግነቱና ከዕድሜው ጋር ብቁ ያደርጋችኋል። በመሀል አባል ሲለቅ ጸሐፊው ማስታወቂያ ይለጥፋል። በ14 የሥራ ቀናት ውስጥ አሥር መራጮች ምርጫ ይደረግ ብለው ካልጠየቁ ምክር ቤቱ ራሱ ሰው መርጦ ያስገባል። ማስታወቂያውን ስታዩ ለጸሐፊው ስለ ራሳችሁና ስለምትጨነቁለት ጉዳይ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ላኩ፤ በሚመርጡበት ምሽትም ፈረቃ ቀይራችሁ አዳራሹ ተገኙ።