ጸጋዬ በስንት ፊደል ይጻፋል? ስማችሁን ስትገነቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ የጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሰኔና ሐምሌ ሲመጣ ደጄ በተመራቂ ይሞላል። ሲቪ ጻፍልን፣ ሊንክድኢን (ሥራ ፈላጊና ቀጣሪ የሚገናኙበትን ድረ ገጽ) ክፈትልን፣ ዲግሪውን ስካን አድርግልን ነው። አሁን አሁን ደግሞ «ፐርሰናል ብራንድ» የሚሉት ነገር መጥቷል፤ የራስን ስም መገንባት ማለታቸው ነው።

ቃሉ ነው እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም። ጤፍ ነጋዴው ጆንያውን ሳይፈታ «የምንጃር ነው!» ይላል። በዓል ሲደርስ «የጅሩ ሰንጋ» ከተባለ ዋጋው ሌላ ነው። ሰውም እንዲሁ ስም አለው። ጤፉን ግን ቆንጥሮ ማየት ይቻላል። እናንተን 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ የተቀመጠ ቀጣሪ የሚያያችሁ በስልኩ ስክሪን ብቻ ነው።

ስምን በሦስት ዓይነት መጻፍ

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ጸጋዬ የሚለውን ስም ውሰዱ። ዲግሪው ላይ በ«ቲ ኤስ» ይጀምራል። ፓስፖርቱ ላይ በ«ቲ ዜድ»። ኢሜይሉ ላይ በ«ኤስ» ብቻ። በአማርኛ አንድ የነበረው ሰው በእንግሊዝኛ ሦስት ሆኖ ቁጭ! ቀጣሪው ጎግል ላይ ቢፈልገው የሚያገኘው ሲሶውን ነው።

ኃይለ ማርያም፣ ወልደ ጊዮርጊስ ዓይነት ስም ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አንድ ቦታ ተገጥሞ፣ ሌላ ቦታ ተለያይቶ ይጻፋል። የቤተሰብ ስም የለመደው የውጭ አገር ፎርም «ማርያም»ን ብቻዋን ነጥሎ የአባት ስም ያደርጋታል።

ፓስፖርት ካላችሁ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ያዙ። ከሌላችሁ የዲግሪውን። ዲግሪው ላይ ስህተት ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ሬጅስትራር ሂዱ፤ ሥራ ከተገኘ በኋላ መሯሯጡ አበሳ ነው። ከዚያ ኢሜይሉም፣ ሊንክድኢኑም፣ ቴሌግራሙም ያንኑ ይከተል። «የእናቱ ልጅ 21» የሚለው ኢሜይል ለጓደኛ ይሁን።

የኛን ዘመን ከፈረንጁ መቀላቀል

በሐምሌ 2011 ዓ.ም. የተመረቀ ልጅ እንግሊዝኛው ሲቪ ላይም 2011 ብሎ ይተወዋል። ከሥሩ የመጀመሪያ ሥራውን ከልምድ ወረቀቱ ላይ በፈረንጅ 2019 ብሎ ይገለብጣል። ልጁ ከምርቃቱ በወሩ ነው ሥራ የገባው። የሚያነበው ሰው ግን «ስምንት ዓመት ሙሉ የት ነበር?» ይላል። ለእንግሊዝኛ ሲቪ ሁሉንም ወደ ፈረንጅ ቀይሩት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ 8።

የተውሶ ቃል

«ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ የሥራ ጫናን የምቋቋም።» ይህን በቀን አሥር ጊዜ እተይባለሁ። እውነቱን ልናገርና ጥፋቱ የኛም የጽሑፍ ቤቶች ነው፤ የትናንቱን ፋይል ከፍተን ስም ቀይረን እናትማለን። አንድ ጊዜ የሒሳብ ሠራተኛ ሲቪ ላይ «ሕሙማንን በፍቅር ማገልገል» የሚል ዓላማ ሳይጠፋ ወጥቷል። እኔ ነኝ።

ባለፈው አንዲት የዕፅዋት ሳይንስ ተመራቂ «የሥራ ልምድ» የሚለውን ባዶ አድርጋ መጣች።

«ለተግባር ልምምድ የት ወጣሽ?» አልኳት።

«እነዋሪ። ግን ጋሼ፣ እሱ ምን ይጻፋል?»

«ምን ስትሠሪ ነበር?»

«ከገበሬዎቹ ጋር ነበርኩ። ዋልካው ውሃ ይይዛል አይደል? ስንዴው እንዳይጎዳ ውሃ መውረጃ ቦይ አውጥተው መደብ ላይ ነው የሚዘሩት። የትኛው ማሳ ውሃ እንደቋጠረ በየሳምንቱ እየዞርኩ እመዘግብ ነበር።»

«ስንት ማሳ?»

«አሥራ አራት።»

በቃ፣ እሱን በሁለት መስመር ጻፍነው። አሥራ አራት ማሳ፣ የዋልካ አፈር፣ ሳምንታዊ መዝገብ። «ታታሪ» የሚለውን አጠፋሁት። በጭቃ እየዞረች ስትመዘግብ ከርማ ታታሪ ነኝ ማለት ምን ያደርግላታል?

«ሰው ያመስግነኝ እንጂ»

ይሄኛው ላይ ልቤ ይከፈላል። እኔም ያደግሁት ራስን ማወደስ ነውር ነው ሲባል ነው፤ አሁንም ቢሆን ጠዋት ማታ ስለ ስኬቱ የሚለጥፍ ሰው ያደክመኛል። ግን ሥራን ማሳየትና ራስን ማወደስ ለየቅል ናቸው። የመንዝ በርኖስ ሠሪ «ጎበዝ ነኝ» ብሎ አይለፍፍም። በርኖሱን ይዘረጋል፣ ገዢው በእጁ ይዳስሰዋል። እናንተም የሠራችሁትን ዘርግቱ። ቀያሽ ከሆናችሁ የሠራችሁትን ካርታ፣ መምህር ከሆናችሁ ለክፍላችሁ ያዘጋጃችሁትን መልመጃ። በወር አንድ ጊዜ ይበቃል። የመሥሪያ ቤት ሰነድ ግን ሳታስፈቅዱ እንዳትለጥፉ።

ፎቶ፣ ስልክ፣ ፌስቡክ

ከሠርግ ፎቶ ላይ ተቆርጦ፣ የሌላ ሚዜ እጅ ትከሻው ላይ የቀረ ሰው አይቻለሁ። በነጭ ግድግዳ ፊት፣ በቀን ብርሃን፣ በጓደኛ ስልክ የተነሳ ይበልጣል። ሲም ካርድ ከቀየራችሁ ያስገባችሁት ሲቪ ላይ ያለው ቁጥር ሞቷል ማለት ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ከፍታችሁ የረሳችሁት ሊንክድኢን ዛሬም «ተማሪ» እያለ ነው። ፌስቡክ ላይ በንዴት የጻፋችሁት ስድብም አለ፤ ቀጣሪው ያነበዋል።

ሳይነግሩ ሰውን ምስክር ማድረግ

ሲቪው መጨረሻ ላይ የሦስት ሰው ስምና ስልክ ይጻፋል። አብዛኞቹ ልጆች ለሰዎቹ አይነግሯቸውም። ደውሉላቸው እንጂ። ያመለከታችሁበትን ሥራ ንገሯቸው፣ ሲቪያችሁን በቴሌግራም ላኩላቸው።

አንድ መምህር እኔው ቤት ፈተና ሊያባዛ ቆሞ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ቀጣሪ ነው። የአመልካቹን ስም በእንግሊዝኛው አጻጻፍ እየተንተባተበ ጠራለት።

«ማን? ኧረ እንዲህ የሚባል ተማሪ አላስታውስም» አለና ዘጋው።

ስሙን እኔ አወቅሁት፤ ሲቪውን የተየብኩት እኔ ነኝ። ፋይሉን ከፍቼ ፎቶውን አሳየሁት።

«ውይ!» አለ መምህሩ። «ጸጋዬ ነው እንዴ? ከሁሉም የሚበልጠው ልጅ!» ደውሎ ሊያስተካክል ሞከረ። ቀጣሪው የደወለበት ቁጥር የቢሮ ስልክ ነበር፣ ማንም አላነሳውም።