«ሰም ላይክ ኢት ሆት»ን እንዴት እንይ?

ጥቁርና ነጭ ነው። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ንግግሩ ፋታ አይሰጥም። የ1959 የአሜሪካ ኮሜዲ ነው ስትባሉ ፊታችሁን ብታጨማድዱ አይገርመኝም። ብዙ ሰው ከፍቶት ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ይዘጋዋል፤ ይሄ ከልቤ ያሳዝነኛል። የአሜሪካ የፊልም ኢንስቲትዩት በ2000 የአገሩን 100 ምርጥ አስቂኝ ፊልሞች ሲመርጥ አንደኛ ያደረገው ይህን ፊልም ነው። እኔም ከሱ በላይ የማስቀምጠው ኮሜዲ የለም። ግን የት የት ማየት እንዳለበት ያላወቀ ሰው፣ ሁለት ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ሲሯሯጡ ብቻ አይቶ ይነሳል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ ባጭሩ ይሄ ነው። ጊዜው የ1929 የብርድ ወራት፣ ቦታው ቺካጎ። ጆ (ቶኒ ከርቲስ) ሳክስፎን ይነፋል፣ ጄሪ (ጃክ ሌመን) ቤዝ ይጫወታል። ሁለቱም ቤሳ ቤስቲን የላቸውም። አንድ ጋራዥ ውስጥ ሳያስቡት የወሮበሎች ጭፍጨፋ ያያሉ፣ ገዳዮቹም ያዩዋቸዋል። ነፍሳቸውን ለማትረፍ ቀሚስ ለብሰው፣ ዊግ አድርገው፣ ጆሴፊንና ዳፍኒ ተብለው ወደ ፍሎሪዳ የሚሄድ የሴቶች ባንድ ውስጥ ይገባሉ። የባንዱ ዘፋኝ ሹገር ናት፤ ማሪሊን ሞንሮ። የቀረውን ከፊልሙ እዩት። ከቁጥር 4 በታች ያለው ጽሑፍ ታሪኩን ስለሚገልጥ፣ ያላየ ሰው እዚያ ሲደርስ ያቁምና አይቶ ይመለስ።

1. ሙሉውን ፊልም አግኙ

ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰው በአማርኛ እየተረከ በአስር ደቂቃ የሚጨርሳቸውን «ትርጉም ፊልሞች» ታውቋቸዋላችሁ። ለአክሽን ፊልም ይሁን፣ አልቃወምም። ለዚህ ግን በፍጹም አይሆንም። ተራኪው ማን ምን እንዳደረገ ይነግራችኋል እንጂ ቀልዱን ሊነግራችሁ አይችልም፤ ቀልዱ ያለው በፊት ገጽታና አንዱ ተናግሮ ሌላው እስኪመልስ ባለችው ቅጽበት ውስጥ ነው።

እንግሊዝኛችሁ ጥሩ ቢሆንም የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ክፈቱ። ጃክ ሌመን ሲናገር ይጣደፋል። ማሽን በራሱ የሚያወጣውን ሰብታይትል ግን አትመኑ፤ የዘመኑን የአራዳ ቋንቋ ያበላሸዋል።

ጥቁርና ነጭ መሆኑን ደግሞ እንደ ጉድለት አትቁጠሩት። በ1959 ቀለም ሞልቶ ነበር። የሞንሮ ውል ራሱ ፊልሟ በቀለም እንዲሠራ ይጠይቅ ነበር። ሙከራ ሲቀረጽ ግን የሁለቱ ወንዶች ከባድ ሜካፕ በቀለም ፊልም ላይ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሆኖ ታየ። ዳይሬክተሩ ቢሊ ዋይልደር ይህን ይዞ ሞንሮን አሳመናት። ጥቁርና ነጩ ሜካፑን ያለዝበዋል፤ እኛም ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት እንዴት እንደተታለሉ እንቀበላለን።

2. ሰው ሰብስቡ

ይሄን በስልክ፣ ለብቻ፣ በጆሮ ማዳመጫ አትዩት። ፊልሙ የተቀመረው ሲኒማ ቤት ሞልቶ ለሚስቅ ሕዝብ ነው። በአንዳንድ ቦታ ሆን ተብሎ የሳቅ ክፍተት ተትቷል። ለብቻው የሚያይ ሰው እዚያ ጋ «ምነው ተንቀራፈፈ» ይላል። ሦስት አራት ሰው ካለ ግን ክፍተቱ በሳቅ ይሞላል። ለምን እንደሆነ የማራካሱ (በእጅ የሚንቀጫቀጭ የሙዚቃ መሣሪያ ነው) ትዕይንት ላይ፣ ቁጥር 6 ስንደርስ እመለስበታለሁ።

3. ሦስት ነገር አውቃችሁ ግቡ

አንደኛ፣ ከ1920 እስከ 1933 አሜሪካ ውስጥ መጠጥ ማምረትም መሸጥም ክልክል ነበር። ፊልሙ የሚጀምረው ሬሳ በጫነ መኪና ነው። ፖሊስ ይተኩሳል፣ ጥይት የሬሳ ሳጥኑን ይበሳዋል፣ ከሳጥኑ የሚፈሰው ግን መጠጥ ነው። ይህን ሕግ ያላወቀ ሰው የመጀመሪያዋ ሳቅ ታመልጠዋለች።

ሁለተኛ፣ የጋራዡ ጭፍጨፋ ከእውነተኛ ታሪክ የተወሰደ ነው። የካቲት 1929 በቫለንታይን ዕለት ቺካጎ ውስጥ ሰባት ሰዎች ጋራዥ ግድግዳ ላይ ተደርድረው ተገድለዋል። ዋይልደርና አብሮት የጻፈው አይ ኤ ኤል ዳይመንድ መነሻ ያደረጉት የ1935 የፈረንሳይ ፊልምና የ1951 የጀርመን ቅጂው ነበር፤ በነዚያ ሙዚቀኞቹ የሴት ልብስ የሚለብሱት ሥራ ለማግኘት ነው። ሥራ ፈላጊ ሲሰለቸው ቀሚሱን አውልቆ መሄድ ይችላል። ወሮበሎቹን የጨመሩት ቀሚሱ እንዳይወልቅ ነው። ካወለቁት ይሞታሉ። ይህችን አንድ ነገር ይዛችሁ ካያችሁ፣ ሊፍት ውስጥም ባሕር ዳርም የሚሆነው ሁሉ ይከብዳል፤ ስለሚከብድም ያስቃል።

ሦስተኛ፣ ገጸ ባሕርያቱ የማያውቁትን እኛ እናውቃለን። መጀመሪያ አካባቢ ጄሪ ሲጨነቅ ጆ ያሾፍበታል፦ ምን ያስጨንቅሃል፣ የአክሲዮን ገበያው ቢወድቅስ? የፊልም ኮከቧ ሜሪ ፒክፎርድ ከባሏ ከዳግላስ ፌርባንክስ ብትፋታስ? ቤዝቦል ተጫዋቾቹ ዶጀርስ ብሩክሊንን ጥለው ቢሄዱስ? ጆ የማይሆን ነገር የደረደረ መስሎታል። ገበያው በዚያው ዓመት በጥቅምት ወደቀ፣ ባልና ሚስቱ በ1936 ተፋቱ፣ ዶጀርስም ከ1957 ውድድር በኋላ ሎስ አንጀለስ ገቡ። የ1959 ተመልካች ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። እናንተም አሁን አወቃችሁ።

4. ባቡር ጣቢያው ላይ እግር እዩ

ሁለቱን በሴት ልብስ መጀመሪያ የምናያቸው ከኋላ ነው፤ ታኮ ጫማ አድርገው ባቡሩ ጥግ ጥጉን ሲሄዱ። ጄሪ ይደናቀፋል፣ በቀሚሱ ስር ነፋስ ገባ ብሎ ያማርራል። ከዚያ ሹገር ታልፋለች። ባቡሩ ከጎኗ እንፋሎት ይተፋባታል፣ ዘላ ሮጥ ትላለች። ሁሉም ሰው እሷን ያያል፤ እናንተ ግን ጄሪን እዩ። አፉን ከፍቶ እንደ ተማሪ እያጠናት ነው። ሴት መምሰል ጫማና ዊግ ብቻ የመሰለው ሰው፣ ሌላ ሙያ እንደሆነ እዚያው ቆሞ ይገባዋል።

በእኛም አገር ዘመናዊ ቲያትር ሲጀመር ሴት ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። እዚያ ተመልካቹ መድረክ ላይ ያለው ሴት ነው ብሎ ለመቀበል ተስማምቶ ይቀመጣል። እዚህ ግን ተቃራኒው ነው፤ ከቀሚሱ ስር ያለውን ወንድ አንድም ደቂቃ እንዳንረሳ ይፈለጋል።

5. ዋናው ነገር፦ ቀሚሱ ማንን ምን አስተማረው?

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ፊልሙን ደጋግሞ ያየ ሰው እንኳ የሚያልፈው ይህን ነው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ልብስ ይልበሱ እንጂ ልብሱ የሚያደርጋቸው አንድ አይደለም።

ከጆ እንጀምር። ባቡሩ ውስጥ ያለችውን የሴቶች መታጠቢያ ቤት ትዕይንት አስታውሱ። ጆሴፊን በረዶ ትሰብራለች፣ ሹገር የሆዷን ታጫውታታለች። ሳክስፎን ተጫዋች ባየች ቁጥር ልቧ ይሸነፋል። ገንዘቧን ወስደው፣ ልቧን ሰብረው ይሄዳሉ። አሁን ግን በቃኝ ብላለች፤ መነጽር ያደረገ፣ ጋዜጣ ላይ ያለ የአክሲዮን ቁጥር ሲያነብ ዓይኑ የደከመ፣ ጀልባ ያለው ሚሊየነር ትፈልጋለች። ይህን ሁሉ የምትነግረው ለማን ነው? ለሳክስፎን ተጫዋች። በረዶውን እየሰበረ፣ ስለራሱ እየሰማ ነው።

ጆ በሰማው ምን አደረገ? ፍሎሪዳ ሲደርሱ መነጽር ሰረቀ፣ የጀልባ ኮፍያ አጠለቀ፣ ባሕር ዳር ጋዜጣ ይዞ ተቀመጠና ሹገር ስታልፍ እግሩን ዘርግቶ ጣላት። ሚሊየነሩ ይሄው። ለሴት ጓደኛዋ ያወራችውን ሚስጥር ለክቶ ሰፍቶ ለበሰው። ሲታይ ያስቃል፤ ሲታሰብ ግን ከባድ ክህደት ነው። ጆ ቀሚሱን የተጠቀመው እንደ ጆሮ ነው። ሴቶች ወንድ በሌለበት የሚሉትን ሰምቶ መልሶ ወንድ ሆኖ ተጠቀመበት።

ጄሪ ሌላ ነው። ሊፍት ውስጥ ኦስጉድ የሚባለው ሽማግሌ ሚሊየነር (ጆ ኢ. ብራውን) ይቆነጥጠዋል። ጄሪ ክፉኛ ይናደዳል። ቆንጆ እንኳ አይደለሁም ይላል። ጆ ግድ የላቸውም፣ ቀሚስ ይሁን እንጂ ብሎ ይመልስለታል። እስከ ትናንት ጄሪ ራሱ እንዲያ ነበር። ነገሩን በራሱ ቆዳ ነው ያወቀው። በኋላ ግን ሌላ ነገር ይመጣል፤ ያው ሽማግሌ አበባ ይልካል፣ ያስደንሳል፣ ያከብረዋል። ጄሪን በሕይወቱ እንዲህ የተንከባከበው ሰው የለም። ጓደኛው ጆ እንኳ ካፖርቱን በውሻ ውድድር ያስበላው ሰው ነው።

ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ስታዩ ዓይናችሁን ከሞንሮና ከከርቲስ ላይ አንሱና ሌመንን ተከተሉ። አንዱ ማስመሰያውን እንደ መሣሪያ ሲጠቀምበት፣ ሌላውን ማስመሰያው ቀስ በቀስ ሲለውጠው ታያላችሁ።

6. ታንጎውና ማራካሱ

እነዚህን አንድ ላይ እዩዋቸው። ጀልባው ላይ ጆ ሴት አይመስጠኝም ብሎ ዋሽቶ ሹገር እንድትስመው ያደርጋል፤ መነጽሩ በጉም ይሸፈናል። በዚያው ሰዓት ሆቴሉ ውስጥ ዳፍኒና ኦስጉድ ጽጌረዳ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበሉ ታንጎ ይደንሳሉ። ፊልሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ውሸታሙ ፍቅር ለስላሳ ነው፣ ቀልድ የሚመስለው ጭፈራ ግን እውነተኛ ደስታ አለበት። ሆቴሉ ፍሎሪዳ ነው ይባል እንጂ የተቀረጸው ካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ አጠገብ ባለው ሆቴል ዴል ኮሮናዶ ነው።

ሲነጋ ጆ ክፍላቸው ይመለሳል። ጄሪ አልጋ ላይ ተጋድሞ ማራካስ ያንቀጫቅጫል። ዜና አለኝ ይላል፤ ታጭቻለሁ። ጆ ዕድለኛዋ ማናት ሲለው፣ እኔ ነኝ! ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መስመር በሳቅ ያፈርሳል። ዋይልደር ለሌመን ማራካሱን የሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሲኒማ ቤቱ ሲስቅ ቀጣዩ ንግግር እንዳይዋጥ፣ በየመሀሉ እያንቀጫቀጨና እያንጎራጎረ ጊዜ ይሙላ ተባለ። ሰው ሰብስቡ ያልኳችሁም ለዚህ ነው።

ስትስቁ ግን ፊቱን አትልቀቁ። ጄሪ እየቀለደ አይደለም። ሰውየው እናቱን ሊያስተዋውቀው ነው፣ የሠርግ ጉዞ የት ይሁን እየተባለ ነው። ጆ ወንድ ልጅ መሆኑን ሲያስታውሰው ፊቱ ላይ የሚወርደው ሐዘን እውነተኛ ነው። ፊልሙ ያን ሐዘን ጨመረበት፤ ለዚህ ነው ትዕይንቱ ስልሳ ዓመት አልፎት ያላረጀው።

7. ስልኩ፣ አበባውና ዊስኪው

እዚህ ጋ ሳቅ ይቀዘቅዛል፤ እንዳትዘሉት። ወሮበሎቹ ሆቴሉ ደርሰዋል፣ መሸሽ ግድ ነው። ጆ በሚሊየነሩ ድምፅ ሹገርን በስልክ ይሰናበታታል፤ ሌላ ላገባ ነው፣ ወደ ደቡብ አሜሪካ መሄዴ ነው ይላታል። የሚደውለው ከኮሪደሩ ማዶ ካለው ክፍል ነው። ኦስጉድ ለዳፍኒ የሰጠውን የአልማዝ አምባር አበባ ሳጥን ውስጥ ከትቶ በኮሪደሩ ወለል ላይ ወደ በሯ ይገፋዋል።

ከዚያ ሹገር በሩን ከፍታ ትገባለች፤ ጆሴፊንን ፍለጋ፣ መጠጥ ፍለጋ። መሳቢያ ትከፍታለች። ጆ በሴት ልብስ ቆሞ ራሱ ያደረሰባትን ጉዳት ፊት ለፊት ያየዋል። ባቡሩ ላይ ታሪክ ብቻ ነበር የሰማው፤ አሁን ግን ሴትየዋ ፊቱ ቆማለች። ሞንሮ ይህችን አጭር ትዕይንት ለመጨረስ ደጋግማ እንደተቀረጸች ይታወቃል፤ ስክሪኑ ላይ ግን የድካም ምልክት የለም።

መድረኩ ላይ ቀጥሎ የሚሆነውን አልነግራችሁም። ጆ በዚያች ሰዓት ምን እንደለበሰ ብቻ ልብ በሉ።

8. የመጨረሻዋ ደቂቃ

ጀልባዋ ላይ ዳፍኒን ተዋትና ኦስጉድን እዩ። አንድ በአንድ ምክንያት ሲደረደርለት ፈገግታው ንቅንቅ አይልም። የመጨረሻዋን መስመር ከየትም ፈልጋችሁ ቀድማችሁ አታንብቧት፤ ዋይልደር መቃብር ድንጋይ ላይ ሳይቀር የተጻፈች መስመር ናት።

ቀጥሎ ምን እንይ ለሚል «ቱትሲ»ን እመክራለሁ፤ 1982፣ ደስቲን ሆፍማን። ሥራ ያጣ ተዋናይ ሴት መስሎ የቲቪ ድራማ ውስጥ ይገባል። እዚያም አንዲት ሴት፣ ወንድ ምን ቢለኝ እወድ ነበር ብላ ለ«ጓደኛዋ» ትነግረዋለች። እሱም ቃል በቃል ይዞት በወንድ ልብሱ ግብዣ ላይ ይቀርባታል። ያንኑ የጆን ዘዴ ነው የተጠቀመው፤ እሷ ግን የያዘችውን መጠጥ ፊቱ ላይ ትደፋበታለች።