«ለምን?» ከሚል ሐዘንተኛ ጋር እንዴት እንቀመጥ

ልጄ ያረፈችው በ4 ዓመቷ ነው። ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ሴት እጄን ይዛ፣ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር የሚወዳትን ነው የሚወስደው» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነበር የፈለገችው። እኔ ግን በልቤ «እንግዲያው አይውደዳት» ነው ያልኩት።

ይህ ከሆነ 11 ዓመት አለፈው። ዛሬ በሰፈራችን እድር ለቅሶ ቤት አልቀርም፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም ታዳጊዎችን አስተምራለሁ። «እግዚአብሔር ካለ፣ መልካምም ከሆነ፣ ይህ ለምን ሆነ?» የሚለው ጥያቄ በሁለቱም ቦታ ይገጥመኛል። እኔን የረዳኝንና የጎዳኝን እያስታወስኩ፣ ምን ማድረግ እንደሚሻል ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ «ለምን?» የሚለው ቃል ጩኸት ነው ወይስ ጥያቄ? ይህን ለዩ። በለቅሶው ሰሞን ደረቱን እየመታ «ለምን እኔን?» የሚል ሰው መልስ እየጠበቀ አይደለም። መልስ ብትሰጡት እንኳ አይሰማችሁም። ወር ሁለት ወር ቆይቶ፣ ቡና እየጠጣችሁ፣ ዓይናችሁን እያየ ደግሞ ከጠየቃችሁ ግን ያ ጥያቄ ነው። ለጩኸቱ የጥያቄን መልስ መስጠት ነው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት።

ጩኸት ከሆነ ተቀመጡ። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች፣ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር፣ ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ የሚበልጥ ሥራ አልሠሩም። ጥፋታቸው የጀመረው ማብራራት ሲጀምሩ ነው።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» በሉ። ጸሎት ነው፣ ማብራሪያ አይደለም። «ነፍስ ይማር»ም እንዲሁ። ሙስሊም ጎረቤቴ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብላኝ ነበር። የአላህ ነን፣ ወደ እሱም ተመላሾች ነን ማለት ነው። ወዴት እንደምንመለስ ነገረችኝ እንጂ ልጄ ለምን በዚያ ቀን እንደሄደች ልታስረዳኝ አልሞከረችም። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

«ለበጎ ነው» አትበሉ። «ምን በድለሽ ይሆን?» ፈጽሞ አትበሉ። «ሌላ ትወልጃለሽ»ም አትበሉ። እውነት ነው፣ ሌላ ወልጃለሁ። ኢዮብም ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች ሞተውበት፣ በመጨረሻ ደግሞ ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ወለደ። ቁጥሩ ሞላ። የመጀመሪያዎቹ አሥሩ ግን አልተመለሱም። ይህን የወለደ ሁሉ ያውቀዋል።

«እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሳ» የሚለውንም ለሌላ ሰው አትናገሩለት። ይህን ያለው ኢዮብ ራሱ ነው፣ በራሱ ልጆች ላይ። ሐዘንተኛው ራሱ ሲለው እምነት ነው። ልጆቿን በሰላም እቤት ትታ የመጣች ጎረቤት ስትለው ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

የሟቹን ስም ጥሩ። ሰው ስሟን ብጠራ ይብስባታል ብሎ ይፈራል። እኔን ያሳረፈችኝ አንዲት ቆሎ ሻጭ ናት። «ያቺ ልጅሽ እኮ ሁልጊዜ ሱፉን ለቅማ ገብሱን ትመልስልኝ ነበር» አለችኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ከዚያም ወደ ሐዘንተኛው ቤት ተመልሳችሁ ሂዱ። ከሠልስት በኋላ ድንኳኑ ይነሳል፣ ሰውም ይበተናል። ከባዱ ቀን የሚጀምረው ያኔ ነው።

አሁን ጥያቄው መጣ እንበል። ያኔ መጽሐፈ ኢዮብን አብራችሁ አንብቡ። «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥሽ» ያላለኝ ሰው አልነበረም። እስከ መጨረሻው ሳነበው ግን ታጋሹ ኢዮብ ያለው ሁለት ምዕራፍ ላይ ነው። በሦስተኛው የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ከዚያ በኋላ ከወዳጆቹ ጋር ይከራከራል፣ አምላኩንም ይሞግታል። መጽሐፉ 42 ምዕራፍ ስለሆነ በአንዴ አትሞክሩት። በመጀመሪያው ቀን ከ1 እስከ 3 ይበቃል። የወዳጆቹ ንግግር አንድ ሐሳብ ስለሚደጋግም፣ ምዕራፍ 4ና 5ን በደንብ ካነበባችሁ ሌላው አይከብዳችሁም። ከ38 ጀምሮ እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ሲናገር ያለውን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት።

እዚያ ስትደርሱ ልብ በሉ። እኛ አንባቢዎች በምዕራፍ 1 ሰይጣን ሲከራከር ሰምተናል። ለኢዮብ ግን ይህ እስከ መጨረሻው አልተነገረውም። እግዚአብሔር ምክንያቱን ሳይሆን ራሱን ነው የገለጠለት። ከዚያ 42፥7ን አንብቡ። የተቆጣው በኤልፋዝና በሁለቱ ወዳጆቹ ነው። ስለ እግዚአብሔር ቅን የተናገረ የተባለው ያ ሲጮህ የነበረው ኢዮብ ነው። እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ አለቀስኩ። ጩኸቴ ክህደት አልነበረም ማለት ነው።

ታዳጊዎች ሲጠይቁ ግን ማሰብም ይፈልጋሉ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በደቡብ ኢትዮጵያ ጎፋ ዞን መሬት ተንሸራቶ ሰው ተቀበረ። ጎረቤት እነሱን ለማውጣት ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ መጣበት። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። በሳምንቱ አንድ የ13 ዓመት ልጅ «እሺ፣ ሊያወጡ የሄዱትስ?» አለኝ።

ወረቀት አወጣንና ሦስት ነገር ጻፍን፦ እግዚአብሔር ሁሉን ይችላል፤ እግዚአብሔር መልካም ነው፤ መከራ አለ። «የትኛውን ትሰርዛለህ?» አልኩት። እርሳሱን ይዞ ቆየ፣ አንዱንም አልሰረዘም።

ከዚያ ሰዎች የሰጡትን መልስ አንድ በአንድ አየን። ነጻ ፈቃድ የሚለው ለነፍሰ ገዳይና ለጦርነት ብዙ ያስረዳል። ተራራ ግን ፈቃድ የለውም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ ክፋት የመልካም ጉድለት ነው ይላል፣ ጨለማ የብርሃን ጉድለት እንደሆነው። ይህ ክፋትን እግዚአብሔር አልፈጠረውም ለማለት ይረዳል፤ ጉድለቱ ለምን ተፈቀደ የሚለው ግን ይቀራል። መከራ ሰውን ያበስላል የሚሉም አሉ። በእኔ ላይ እውነት አለው፤ ከድሮው ይልቅ አሁን ለሰው እራራለሁ። ልጄ የሞተችው እኔ እንድራራ ነው የሚለኝን ግን አልቀበልም።

አንዱን መልስ ግን በድፍረት ዝጉት። «በኃጢአታቸው ነው» የሚለውን። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ሲሞት፣ ጌታ ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል። ዕውር ሆኖ ስለተወለደውም «የበደለው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ?» ሲሉት ማንም አይደለም አለ።

ለልጁ «ከዚህ ወዲያ እኔም አላውቅም» አልኩት። መምህር እንዲህ ማለት ያለበት አይመስለኝም ነበር። ከዚያ «እስከ መቼ» የሚለውን የዳዊት መዝሙር አብረን ጸለይን። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሁለተኛዋ ልጄ፣ 8 ዓመቷ ነው፣ «እህቴ ለምን ሞተች?» አለችኝ። ሕመሙን ነገርኳት። «አይ፣ ለምን?» አለች። አላውቅም አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «ምን ትወድ ነበር?» አለች። የቆሎውን ነገርኳት።