የቮልስ ኮፓ ሲንኳኳ

የአሮጌ ቮልስ ኮፓ (የቸርኬው መሃል ክዳን) ኮረኮንች ላይ ሲንኳኳ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የኮፓው አይደለም፤ የላሉት ቸርኬው ላይ በሪቬት የተመቱት የሞላ ምላሶች ናቸው። ኮፓው በካቻቢቴ በተፈነቀለ ቁጥር ወደ ውስጥ ይተኛሉ።

ኮፓውን በሽቦ መንጠቆ ያውጡ። የምላሶቹን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት አጽድተው እያንዳንዱን በፒንሳ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይሳቡ። ብዙ ከታጠፈ ይሰበራል። ሪቬቱ ራሱ ከተነቃነቀ ማጠፉ ከንቱ ድካም ነው፤ በመሰርሰሪያ አውጥቶ በብረት ሪቬት መተካት ነው። ሲመልሱ ዳር ዳሩን በመዳፍ ይምቱ፤ መሃሉን ከመቱት ይሰረጉዳል።

የፊት ግራው ብቻ ከጮኸ ግን ከስሩ ያለው ትንሹ የግሪስ ክዳን ወልቆ ኮፓው ውስጥ እየተንከባለለ ይሆናል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ገመድ የሚያልፈው በዚያው ክዳን ነው፤ የጫፉ ማያዣ ከጠፋ ገመዱ ሾልኮ ቆጣሪው ይቆማል።